ሰንጢ፤ ከባለ እጁ መዶሻ እስከ ገበሬው ኪስ



የዛሬው ንግግራችን በየዕለቱ እጃችን ውስጥ ስለምትገባ፣ ታሪኳን ግን ጠይቀን ስለማናውቅ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። እርሷም ሰንጢ ናት።

«ሰንጢ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ታሪክ ሲባል የንጉሥ፣ የዘውድና የጦርነት ወሬ ብቻ የሚመስለን ጥቂት አይደለንም። ነገር ግን ንጉሡም ቢሆን እንጀራ የሚበላው ገበሬው በማረሻ አርሶ፣ በማጭድ አጭዶ ሲያበቃ ነው። ታዲያ ማረሻውንና ማጭዱን ማን ሠራው? ሠሪውስ በሀገሩ ምን ተባለ? እንዲህ ብለን ስንጠይቅ ራሱን የቻለ ትልቅ ታሪክ እናገኛለን። ዛሬ ያንን ታሪክ በአጭሩ እናያለን፤ ቀጥለንም ሰንጢን እንዴት መምረጥ፣ እንዴት መጠበቅና እንዴት መያዝ እንደሚገባ እንነጋገራለን። ለምሳሌ የምንወስደው አገር ወረታንና የፎገራን ሜዳ ነው።

ፎገራ በደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ወርደው፣ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ውሃው ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያልና ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። የፎገራ ከብት ስሙን ከዚሁ ሜዳ ያገኘ የታወቀ ዝርያ ነው። ሩዝ ደግሞ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ ቀበሌዎች ተሞክሮ ሥር ሰደደ፤ ዛሬ ፎገራ በኢትዮጵያ ሩዝ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠራ ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙም በየገበያው ይታያል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ሰንጢ ስንት ሥራ አላት! የኬሻውን አፍ የተሰፋበትን ሲባጎ የምትበጥስ እርሷ ናት። ምራኑ ሲላላ ወይም ሲበጠስ አዲሱን ጠፍር በልክ ትቆርጣለች። ሽንኩርቱን ከቅጠሉ ትለያለች፣ ሸንኮራውን ትልጣለች፣ የጥርስ መፋቂያውን ከወይራ ትቀርጻለች። እረኛው ከሸምበቆ ዋሽንት ሲያበጅ የሚቀዳው በእርሷ ነው። በጣና ዳር ዓሣ አጥማጁ የተጠላለፈ መረቡን ይፈታባታል። ጥጃ በገመድ ተጠልፎ ሊታነቅ ሲል ደግሞ፣ በዚያች ቅጽበት በኪስ ያለች ስል ሰንጢ የአንድ ከብት ዋጋ ታወጣለች። ማጭድ ለአጨዳ ነው፣ ገጀራ ለጫካ ነው፤ ሰንጢ ግን ለማናቸውም ጥቃቅን ሥራ ናት።

ሰንጢ ብዙ ዘመዶች አሏት። ለእርድ የምንይዘው ካራ፣ ለማድቤት ቢላዋ፣ በወገብ የሚታጠቁት ጩቤ፣ ለጦርነት ሰይፍና ጎራዴ አሉ። ሰንጢ የምንላት ስለቷ ወደ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን ነው። እዚህ ላይ ፊደል ለምትቆጥሩ አንድ ነገር እንጠቁም። የብረቱ አፍ «ስለት» ይባላል። ለታቦት የሚገባው ቃል ደግሞ «ስእለት» ነው። በንግግር ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ስትጽፉ ግን «እ» የምትባለው አንዲት ፊደል ካራውን ከጸሎቱ ትለያለች።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ሰው ከብረት በፊት በድንጋይ ይቆርጥ ነበር። በሀገራችን በአፋር ምድር ጎና በሚባል ቦታ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሲፈነጠቅ ጠርዙ ስለት ይሆናል፤ በዚያ ሥጋ ይቆረጣል፣ ቆዳ ይፋቃል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በመልካ ቁንጥሬም የጥንት ሰዎች በባልጩት ይሠሩ እንደነበር በቁፋሮ ታውቋል። ይህ ሁሉ ሩቅ ዘመን ብቻ አይምሰላችሁ። በኮንሶና በጋሞ ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ ስለት በእንጨት እጀታ ላይ አስገብተው ሲሠሩ በ20ኛው መቶ ዓመትም ተጠንቷል። ስለዚህ በእጃችን ያለችው ሰንጢ የዚያ የድንጋይ ስባሪ የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው።

ብረት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈ፣ የቀይ ባሕርን ንግድ የሚገልጽ አንድ መጽሐፍ አለ። ያ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ወደ አክሱም መንግሥት ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ብረትን፣ መጥረቢያንና ሰይፍን ይጠቅሳል፤ ከህንድ አገር የሚመጣ ብረትና አረብ ብረት እንደነበረም ይናገራል። ብረቱ ለዝሆን አደንና ለጦርነት ጦር ይሠራበት ነበር። እንግዲህ ከ1,900 ዓመት በፊት እንኳ ከባሕር ማዶ የመጣ ብረት በዚህ ምድር ይገዛ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ብረት ብቻውን ማጭድ አይሆንም። በከሰል የሚያግለው፣ በወናፍ የሚያናፋው፣ በጉጠት ይዞ በመዶሻ የሚቀጠቅጠው፣ በልኩም ውሃ የሚያጠጣው ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሰው ባለ እጁ ነው።

የተወደዳችሁ አድማጮች፣ እዚህ ላይ ታሪካችን ደስ የማያሰኝ ገጽ አለው። ማንበብ ስንማር ግን ደስ የሚያሰኘውን ገጽ ብቻ ልናነብ አይደለም።

ባለ እጁ ለመንደሩ ሁሉ ያስፈልግ ነበር። ያለ እርሱ ማረሻ የለም፣ ያለ እርሱ ማጭድ የለም። ሆኖም ይኸው ሰው «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ይባልበት ነበር። ልጅ ሲታመም እርሱ ይጠረጠራል፤ ከብት ሲሞት እርሱ ይጠረጠራል። ማጭዱን ከእጁ የተቀበለ ሰው ከማዕዱ አይቀርብም፤ ልጁንም አይድርለትም። በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን የእጅ ሥራውን በብዛት ይሠሩ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ርስት ስለተነፈጉ ብዙዎቹ በብረትና በሸክላ ሥራ፣ በግንብና በሽመና ይኖሩ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ በተነሡት ግንቦች ሥራ እነርሱም እጃቸው እንደነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ግንቡን እናደንቃለን፤ የግንበኛውን ስም ግን አናውቀውም።

ለዚህ ሁሉ ስድብ ምክንያቱ ምን ነበር? አንደኛው ዕውቀት ማጣት ነው። ድንጋይ የመሰለውን ጥቁር ነገር በእሳት አለስልሶ ቅርጽ የሚሰጥ ሰው፣ ሥራው ለማይገባው ሰው እንደ አስማት ይታያል። ሁለተኛው ጥቅም ነው። መሬት የያዘው ወገን መሬት የሌለውን ዝቅ አድርጎ ማየቱ ይጠቅመው ነበር፤ የተናቀ ሰው ርስት አይጠይቅም፣ ዋጋም አይከራከርም። ቡዳ የሚባል የሰው ዘር ግን የለም። ሕፃናት የሚታመሙት በወባ፣ በተቅማጥ፣ በሳንባ ምች ነው፤ በሰው ዓይን አይደለም።

ይህን ነገር የተቃወሙ መሪዎችም ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አወጁ። ከእርሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ብረት ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ደብረ ታቦር አለ፤ ከደብረ ታቦርም አጠገብ ጋፋት ይገኛል። በዚያ ቦታ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና የሀገሩን ሠራተኞች አሰባስበው መድፍ አሠሩ። «ሴባስቶፖል» የተባለው ትልቁ መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ግን የጋፋት ሥራም አብሮ ቀረ። ለገበሬው ማረሻና ማጭድ መሥራቱን የቀጠለው የመንደሩ የተሰደበው ባለ እጅ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ምን ይደረግ እንደነበር እንመልከት፤ የሚታጠፈው ቢላዋ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ ነውና።

የሚታጠፍ ቢላዋ አዲስ ነገር አይደለም። በኦስትሪያ ሃልሽታት በተባለ ቦታ የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ የተሠራ፣ የአጥንት እጀታ ያለው ታጣፊ ቢላዋ ተገኝቷል። ሮማውያንም ይሠሩት ነበር። ለብዙው ሕዝብ የደረሰው ግን እንደ እንግሊዝ ሼፊልድና እንደ ጀርመን ዞሊንገን ያሉ ከተሞች ስለት መሥራትን ዋና ሙያቸው ካደረጉ በኋላ ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሳቮያ አውራጃ ዮሴፍ ኦፒኔል የተባለ ሰው ለገበሬ የሚሆን ቀላል ሰንጢ ሠራ። እጀታዋ እንጨት ነው፤ ስለቷ አንድ ብቻ ነው። አባቱ መጥረቢያና ማጭድ የሚሠራ የመንደር ባለ እጅ ነበር። በስዊዘርላንድም ካርል ኤልስነር የተባለ ሰው በ1884 እ.ኤ.አ. ትንሽ የቢላዋ መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1891 እ.ኤ.አ. ለሀገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ወታደሩ ጣሳ ይከፍትባት፣ ጠመንጃውን ይፈታባት ነበር።

አሁን እናስተውል። የኦፒኔል አባት የሠራው ሥራና የደምቢያው ባለ እጅ የሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ እሳቱ አንድ ነው፣ መዶሻው አንድ ነው። ነገር ግን በዚያ የባለ እጁ ልጅ ስም በስለቱ ላይ ታትሞ በዓለም ዞረ። እኛ ዘንድ የባለ እጁ ስም ስድብ ሆኖ ቀረ፤ ልጁም ሙያውን እንደ ዕዳ ወረሰ። በዚያ ሙያው ወደ ፋብሪካ አደገ፤ እኛ ግን ሰንጢን ከውጭ ገዛን። ለኋላ መቅረታችን ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አንልም፤ ገንዘብም፣ መንገድም፣ ትምህርትም ጎድሎ ነበር። ይሁንና ሠሪውን የሚንቅ አገር ሥራው እንዲያድግ ምን ያህል ሊጠብቅ ይችላል?

በኋላም ብዙዎቹ ባለ እጆች ከአገሩ ወጡ። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው ጊዜ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጓዙ። የሄዱት የአባቶቻችን አገር ነው ብለው በሚያምኑበት ተስፋ ነው፤ በሱዳን በረሃም በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻቸው ሞተውባቸዋል። በጎንደር ዙሪያ ያሉ መንደሮችም ማረሻና ማጭድ ያስቀጠቅጡ የነበሩበትን እጅ አጡ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የሰንጢ መንገድ ወደ ፎገራ እንዴት ነበር ብትሉ፣ ከንግድና ከመኪና ጋር ነው። ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙት በእርሷ ነው። በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በቻይና ዕርዳታ መሠራት ጀመረ። መንገድ ሲመጣ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው በሱቅ የሚሸጠው የፋብሪካ ሰንጢ ነው። ሁለተኛው ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ስለሆነ የሀገራችን ቀጥቃጮች ቆርጠው፣ አግለውና ቀጥቅጠው ቢላዋ፣ መጥረቢያና ማጭድ ያወጡበታል። ከተሰበረ መኪና የሚበላ እንጀራ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ዛሬም ባለ እጅ አለ፤ ዛሬም ልናከብረው እንችላለን።

ሰንጢ ከፊደልም ጋር የቆየ ዝምድና አላት። በጣና ደሴቶች፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት አስቡ። ቆዳው ተወጥሮ በስለት ይፋቃል። ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን በትንሽ ቢላዋ ይቀርጻል፤ ጫፉ ሲደነዝዝ እንደገና ይቀርጸዋል። ቃል ሲሳሳት በዚያችው ስለት ፍቆ ያርማል። እንግሊዞች ትንሿን ሰንጢ «ፔን ናይፍ»፣ የብዕር ቢላዋ የሚሏት እነርሱም የላባ ብዕር ይቀርጹባት ስለነበረ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም፣ የእርሳስ መቅረጫ ባልነበረበት የገጠር ቤት እርሳሱ የሚቀረጸው በሰንጢና በምላጭ ነበር። ስለዚህ ሰንጢ የገበሬ ብቻ አይደለችም፤ የተማሪም መሣሪያ ነበረች።

ታሪኩን እዚህ ላይ እናቁምና ወደ ምርጫው እንሂድ። ወደ ገበያ ወጥታችሁ ሰንጢ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

መጀመሪያ፣ ርዝመቷን ተመልከቱ። ለዕለት ሥራ የሚሆን ስለት ከአራት ጣት ስፋት ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል። ረጅም ስለት ለትንሽ ሥራ አይመችም፤ ሰውንም ያስደነግጣል።

ሁለተኛ፣ መታጠፊያዋን ፈትኑ። ክፈቱና ስለቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁ። የሚወላገድ ከሆነ ተዉት፤ ምስማሩ ልል ነው። ሞላው ስለቱን ከፍቶም ዘግቶም አጥብቆ መያዝ አለበት። በሥራ መካከል በድንገት የምትታጠፍ ሰንጢ ጣት ትቆርጣለች። መቆለፊያ ያላት ብትሆን ደግ ነው። ስትዘጋም ጫፏ ከእጀታው ወጥቶ መታየት የለበትም፤ አለዚያ ኪስ ቀዳ ጭን ትወጋለች።

ሦስተኛ፣ ብረቷን ጠይቁ። የሚዝገው ብረት ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን እርጥበት ሲነካው ይዝጋል፣ ሽንኩርትና ሎሚ ሲቆርጡበትም ይጠቁራል። የማይዝገው ብረት ብዙውን ጊዜ ለመሳል ትንሽ ያደክማል፤ ለእርጥብ አገር ግን ይስማማል። በፎገራ ክረምት፣ በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ለሚውል ሰው የማይዝገው ይሻለዋል። የሚዝገውን የወደደ ደግሞ ማታ ማታ መወልወልን መልመድ አለበት።

አራተኛ፣ እጀታዋን ያዙ። እጅ ሲረጥብ የምታሟልጭ ከሆነች መልኳ አያታልላችሁ። ቀንድም ሆነ እንጨት፣ ጠርዙ መዳፍ የማይቆርጥና በደንብ የሚጨበጥ ይሁን። የክር ማስገቢያ ቀዳዳ ካላትም መልካም ነው።

የሚያብለጨልጭ ሁሉ ስል አይደለም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንድ ወረቀት ወይም ገመድ ቁረጡበት፤ በመዳፋችሁ ግን አትሞክሩት።

ስለ አያያዟም ጥቂት እንበል። የደነዘዘ ሰንጢ ከስለታሙ ይልቅ አደገኛ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሲደነዝዝ ጉልበት ይጨመርበታል፤ ጉልበት ሲጨመር ያንሸራትታል። ሞረድ ለማጭድና ለመጥረቢያ ነው፤ ሰንጢን ግን ለስላሳ በሆነ የመሳያ ድንጋይ ውሃ እያጠጣችሁ ሳሉ። ከስለቱ ጀርባ ሥር ሁለት ሳንቲም የሚገባ ያህል ብቻ ከፍ አድርጉ፤ አንዱን ወገን ያህል ሌላውንም ሳሉ። መጨረሻ ላይ በጠፍር ላይ ወደ ኋላ እየሳባችሁ አለስልሱት። የሩዝ አገዳ ቶሎ እንደሚያደነዝዝ የፎገራ አጫጆች ያውቁታል፤ አገዳው ውስጥ አሸዋን የሚመስል ጠንካራ ነገር ስላለበት ነው። ስለዚህ ሩዝ የቆረጠ ስለት ቶሎ ቶሎ ይሳላል።

መታጠፊያዋ ሲዝግ ወይም ሲጠብቅ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የኑግ ዘይት ግን አታድርጉ፤ እየቆየ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ሰባራ ስለትና ያገለገለ ምላጭም በገለባ ላይ አይጣል። ከብት መኖ ሲበላ ብረት አይለይም፤ ይውጠውና ሆዱን ይበሳዋል፣ ልቡም ድረስ ሊደርስ ይችላል። በፎገራ ከብት ማለት ሀብት ነውና ሰባራውን ቅበሩት።

ስትቆርጡ ስለቱን ከአካላችሁ ወደ ውጭ አድርጉ። ለሌላ ሰው ስትሰጡ ዘግታችሁ ስጡ፤ ክፍት ከሆነም እጀታውን አስቀድሙ። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አኑሩ። የሸንኮራ ሰንጢ ለእንጥል ማስቆረጫ፣ ለግርዛት፣ ለእትብት መቁረጫ አይሆንም። ባልተቀቀለ ስለት እትብቱ የተቆረጠ ሕፃን በመንጋጋ ቆልፍ ሊሞት ይችላል። የሴት ልጅ ግርዛትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። እጃችሁ ቢቆረጥ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑት፤ ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትንም ጠይቁ።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር፣ ሰንጢን የት አትይዙም የሚለው ነው። ወደ እርሻ፣ ወደ መስኖ፣ ወደ ከብት ስትሄዱ ያዙ፤ ዘግታችሁ በጠለቀ ኪስ፣ ወይም ከቀበቶ ጋር በክር አስራችሁ። ወደ ጠላ ቤት፣ ወደ ሠርግ፣ ወደ ክርክር ስትሄዱ ግን ቤት ትቅር። ነገሩ ፍርሃት አይደለም፣ ብልኃት ነው። የድንበር ክርክር በሽማግሌ ይፈታል፤ የስድብ ጠብም ሲያድር ይበርዳል። በሆድ የገባ ስለት ግን አይመለስም። ባዶ እጅ ቢመታ ማበጥ ነው፤ ሰንጢ የያዘ እጅ ሲመታ ደም ነው፤ ደም ደግሞ ደም ይጠራል። ከሁለት ቤት ሁለት አራሽ ይጠፋል፤ አንዱ ወደ መቃብር፣ አንዱ ወደ ወህኒ ቤት። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 555 ሆን ብሎ በሰው ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ወጣቶች ሆይ፣ በበዓል ቀን በኪሱ ስለት ይዞ የሚወጣ ጀግና አይባልም። በአውሮፕላን የሚጓዝም ሰንጢውን በእጅ ሻንጣ አይያዝ፤ በፍተሻ ይወሰድበታል።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ አድማጮች፣ ነገራችንን እንሰብስብ። ሰንጢ የምትሠራው በሁለት እጅ ነው፤ በሠሪው እጅና በያዡ እጅ። የሠሪውን እጅ ለብዙ ዘመን ሰድበነዋል፤ በስድባችንም የተጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፣ እኛም ሙያ አጣን። የያዡ እጅ ደግሞ የራሳችን ነው። ማረሻ የሚቀጠቅጥላችሁን ሰው በስሙ ጥሩት፣ ዋጋውን በወቅቱ ክፈሉት፣ ከማዕዳችሁም አቅርቡት። ልጁ በትምህርት ቤት ከልጃችሁ ጎን ይቀመጥ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። በኪሳችሁ ያለችውንም ሰንጢ ለሥራ ብቻ ክፈቷት፤ ሥራው ሲያልቅ ወልውላችሁ ዝጓት።

ለዛሬ ያዘጋጀነው እዚህ ላይ ይፈጸማል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ማን ነው? በስሙ ታውቁታላችሁ?
2. ባለ እጆች ይሰደቡ የነበሩት በምን ምክንያት ነው? ዛሬስ የቀረ ነገር አለ?
3. ሰንጢ ስትገዙ የምታዩአቸውን አራት ነገሮች በየተራ ተናገሩ፤ ከዚያም በደብተራችሁ ጻፉ።
4. «ስለት» እና «ስእለት» የሚሉትን ቃላት በሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስገብታችሁ ጻፉ።